ቅዱስ ያሬድ

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደኖረ የሚታመን ካህን፣ የዜማ ደራሲና መምህር ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማዋ አባት አድርጋ ታከብረዋለች። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም በስሙ ይጠራሉ። በትውፊት የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ሲሆን ከዚህ ዓለም የተለየው ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ነው።

ያሬድ የተወለደው አክሱም ቢሆንም ትምህርቱ ተጠብቆ የቆየባቸው ዋና ዋና ጉባኤ ቤቶች የሚገኙት ከአክሱም ርቆ በደቡብ በኩል፣ በዛሬው ደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል ነው። በጋይንት የሚገኙት ዙር አምባና ቤተልሔም የዜማ ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ ለማስመስከር የሚሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ የያሬድ ታሪክ የአንድ ሰው ሕይወት ብቻ ሳይሆን አንድ ትምህርት ከትውልድ ቦታው ወጥቶ በሌላ አገር ሥር የሰደደበት ታሪክም ነው።

ልደትና አስተዳደግ

በአብዛኛው እንደሚተረከው የያሬድ አባት ይስሐቅ፣ እናቱ ክርስቲና (ታውክልያ) ይባላሉ። ቤተሰቡ ከአክሱም ካህናት ወገን ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። እናቱም ብቻዋን ልታሳድገው ስላልቻለች በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ስንክሳሩ ጌዴዎንን የያሬድ ዘመድ ይለዋል፤ በትውፊት ደግሞ የእናቱ ወንድም እንደሆነ ይነገራል።

ያሬድ የተወለደበት ዘመን አክሱም ገናና የነበረችበት ነው። መንግሥቱ በቀይ ባሕር በኩል ይነግድ፣ በስሙ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ያሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ዓረብ በሂምያር መንግሥት ላይ ዘምቷል። ክርስትና ወደ ቤተ መንግሥቱ ከገባ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ተስዓቱ ቅዱሳን የሚባሉት መነኮሳትም ገዳማትን እየመሠረቱና መጻሕፍትን ወደ ግእዝ እየመለሱ ያስተምሩ እንደነበር ይተረካል። በዚህ ጊዜ የካህን ልጅ መዝሙረ ዳዊትንና ቅዱሳት መጻሕፍትን መማሩ የተለመደ ነበር።

የትምህርት ችግርና ማይ ኪራሕ

ያሬድ በትምህርቱ መጀመሪያ አልተሳካለትም። ጌዴዎን ያስተማረውን ይረሳ ነበር፤ ከእርሱ ጋር የጀመሩ ልጆች እያለፉት ሄዱ። ባልንጀሮቹ ሳቁበት፤ መምህሩም እየተቆጣ ይገርፈው ነበር። በትውፊት ይህ ሁኔታ ለሰባት ዓመት እንደቆየ ይነገራል። በመጨረሻም ያሬድ ትምህርት አይሆነኝም ብሎ ተስፋ ቆረጠና ከአክሱም ወጥቶ ኮበለለ።

በመንገድ ላይ ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ እንደገናም ከታች ጀምሮ ይወጣል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድ ይህን አይቶ እርሱም እንደ ትሉ መታገሥ እንዳለበት ተረዳ። ወደ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀና ትምህርቱን እንደገና ጀመረ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፍቶ የብሉይንና የሐዲስን መጻሕፍት በአጭር ጊዜ ተማረ፤ በ14 ዓመቱም ዲቁና ተቀበለ።

ይህ ትረካ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ ከያሬድ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሬድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሉን ሲመለከት ይታያል። በአብነት ትምህርት ቤት ቀለም አልይዝ ያለው ልጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ መምህሩም ልጁን ቶሎ እንዳያሰናብተው ይህ ታሪክ ይነገራል። በዜማ ትምህርት ይህ ከምክር ያለፈ ነገር ነው። አንድ ድጓ ተማሪ አንዱን ቃል ደጋግሞ እያለ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ዓመታትን ስለሚያሳልፍ የትሉ አወጣጥና አወዳደቅ የየቀን ሥራው ነው።

የዜማው አጀማመር

ስንክሳሩ እንደሚተርከው ከኤዶም ገነት ሦስት ወፎች መጥተው በሰው ቋንቋ ያሬድን አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ወሰዱት። በዚያ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ ዘመረ። ይህም የመጀመሪያው ዜማ አርያም ተብሎ ተሰየመ። ንጉሡ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ድምፁን ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ፤ ቀኑን ሙሉም ሲሰሙት ዋሉ።

ከዚህ በኋላ ያሬድ ለዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ሁሉ መዝሙር አዘጋጀ ይባላል። ስልቶቹ ሦስት ናቸው። ግእዝ ጠንከርና ደረቅ ያለ ዜማ ነው። ዕዝል ለስለስና ረጋ ይላል። አራራይ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው የሚያራራ፣ ሆድ የሚያባባ ነው። ሦስቱም በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመሰላሉ። ስንክሳሩ የሰውም ሆነ የወፍ ወይም የእንስሳ ድምፅ ከእነዚህ ከሦስቱ እንደማይወጣ ይናገራል።

ድርሰቶቹ

በያሬድ ስም የሚታወቁት አምስት የዜማ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጊዜና አገልግሎት አላቸው።

ድጓ ከሁሉም ትልቁ ነው። የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ ከመስከረም 1 ቀን ከቅዱስ ዮሐንስ ይጀምራል። ገበሬው ዘመኑን በዝናብና በመኸር እንደሚለይ ሁሉ የድጓ ሊቅም ክረምቱን፣ ጽጌውን፣ አስተምህሮውንና ፋሲካውን በዜማው ይለያል።

ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም መዝሙር ነው። የጾሙ እሑዶች ዛሬም የሚጠሩባቸው ስሞች፣ ማለትም ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና፣ የያሬድ ስያሜዎች እንደሆኑ ይነገራል።

ምዕራፍ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር እየተያያዘ በየዘወትሩ አገልግሎት የሚባል ነው።

ዝማሬ ከቅዱስ ቁርባን ጋር የተያያዘ ሲሆን በቅዳሴ መጨረሻ ይዘመራል። ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ አኰቴት፣ መንፈስና ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል።

መዋሥዕት በምልልስ የሚባል ዜማ ነው። በተለይ ለሙታን በሚደረግ ጸሎት ላይ ይታወቃል።

ከእነዚህ ሌላ አንቀጸ ብርሃን የተባለው የእመቤታችን ውዳሴ የያሬድ ድርሰት እንደሆነ ይነገራል።

በገብረ መስቀል ዘመን

ያሬድ ያገለገለው በዐፄ ካሌብ ልጅ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ ትውፊቱ ያስረዳል። ንጉሡ ዜማውን ይወድ፣ ያሬድንም ያከብር ነበር። አንድ ቀን ያሬድ ከንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ሆኖም ሁለቱም መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ አልተሰማቸውም። ንጉሡ ያደረገውን ባየ ጊዜ ደነገጠና ለካሣ የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው። ያሬድ በመጀመሪያ ንጉሡን ቃሉን እንዳያጥፍ አስማለው፤ ከዚያም ከአክሱም ወጥቶ በብሕትውና እንዲኖር እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላ ስለነበረ ፈቀደለት።

በዚህ ትረካ ላይ የተሳለው ሥዕል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል። ንጉሡ ጦሩን ይዞ፣ ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ሦስቱ ወፎች ከበላይ ሆነው ይታያሉ።

ከአክሱም ወደ ጣናና ጋይንት

ያሬድ ከአክሱም ውጭ ስለዞረባቸው ቦታዎች የሚነገረው በተለይ በየቦታው በሚገኙ ገዳማት ትውፊት ነው። በዚህ ትውፊት መሠረት ያሬድ ከዐፄ ገብረ መስቀልና የደብረ ዳሞን ገዳም ከመሠረተው ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ደቡብ ተጉዟል። ከጣና ደሴቶች አንዷ በሆነችው በጣና ቂርቆስ ቆይቶ እንዳስተማረ ይነገራል። ከዚያም ወደ ጋይንት ተሻግሮ በዙር አምባ ዝማሬን ደረሰ፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስተማረ።

ዙር አምባ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ስለ ስሙ ከሚነገሩት አንዱ ትረካ፣ አቡነ አረጋዊ መውጫ አጥቶ ሲፈልግ በሌላ በኩል እንዲዞር የሚነግረው ድምፅ ሰማ፤ ከዚህ የተነሣ ቦታው ዙር አባ ተባለ ይላል። ዛሬም ስሙ ዙር አባ እየተባለም ዙር አምባ እየተባለም ይጠራል። ገዳሙ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ሁሉ በየትኛውም አገር ቢማር እውቀቱ የሚመሰከርለት እዚህ ሲያልፍ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ በምሥራቅና በደቡብ በኩል የተዘረጉ አገሮች ናቸው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ነው። በዚህ አገር ከፍታው ላይ የሚወርደው ዝናብ በአንድ በኩል ወደ ተከዜ፣ በሌላ በኩል በበሽሎና በሌሎች ወንዞች ወደ ዓባይ ይሄዳል። መሬቱ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ስለሆነ ለሠራዊት አስቸጋሪ፣ ለገዳም ግን የሚመች ነበር። በምሥራቅ በኩል የሚያዋስነው ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ የቅዳሴ ማስመስከሪያ የሆነው ሰላልኩላም በዚያው ይገኛል። በምዕራብ በኩል ደብረ ታቦር የአቋቋም ትምህርት ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ጥቂት ቀን በእግሩ ተጉዞ ከአንዱ የትምህርት ዓይነት ወደ ሌላው መሸጋገር ይችል ነበር።

ወደ ሰሜን መሄዱና ፍጻሜው

ያሬድ ከንጉሡ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታቦቱ ፊት ቆመ። በዚያም አንቀጸ ብርሃንን እንደደረሰና በሚያመሰግንበት ጊዜ እግሮቹ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ እንዳሉ ስንክሳሩ ይተርካል። ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን አገር፣ ወደ ጸለምት ሄደ። ኑሮውን በጾምና በጸሎት አደረገ፤ የተከተሉትን ደቀ መዛሙርትም ማስተማሩን አልተወም።

በሰሜን ተራሮች የሚገኘው ደብረ ሐዊ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈበት ቦታ ተደርጎ ይከበራል። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ከሰው ዓይን ተሰወረ ተብሎ ስለሚታመን በቤተ ክርስቲያን ትረካ መቃብር የለውም። ቀኑ በየዓመቱ በዓሉ ሆኖ ይከበራል።

ከያሬድ በኋላ፦ ጦርነትና ምልክት

ከያሬድ ዘመን በኋላ ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት የተላለፈው በቃል ነው። ቃሉ በብራና ላይ ሲጻፍ እንኳ ዜማውን የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም፤ ድምፁ የሚገኘው በመምህሩ አፍ ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት መምህሩ ከሞተና ተማሪው ከተበተነ ይጠፋል።

ይህ አደጋ የደረሰው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 በዘለቀው በኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ ሊቃውንትም ሞቱ ወይም ተሰደዱ። በጦርነቱ ማግስት የዜማ መምህር ማግኘት አስቸጋሪ እንደነበረ ይነገራል።

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዜማው ምልክት ሠሩለት። ሥራቸው በአምሐራ ሳይንት ከምትገኘው ከተድባበ ማርያም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቅናትና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች በቃላቱ ላይ እየተጻፉ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ። ከእነዚህ ሌላ ከአንድ የታወቀ ዜማ የተወሰዱ ፊደላት በቀይ ቀለም ከቃሉ በላይ እየተጻፉ ይህም እንደዚያኛው ይባል የሚል መመሪያ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ምልክቶቹን የሠራ ያሬድ ራሱ እንደሆነ ይታሰባል፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ራሳቸው ጌራንና ራጉኤልን ያነሣሉ።

ምልክቱ የዜማው መጠበቂያ ሆነ እንጂ መምህሩን አልተካም። አንዱ ምልክት በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ልዩ ልዩ ሆኖ ስለሚባል ዜማውን ከሊቅ አፍ ያልሰማ ሰው ከብራናው ብቻ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ወሳኙ ጥያቄ ትክክለኛውን ዜማ የያዘ መምህር የት አለ የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ የድጓ ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ቤተልሔም ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ድጓው በጦርነቱ ጊዜ በየቦታው ሲጠፋ በጋይንት ቤተልሔም ተጠብቆ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆነች። አጫብርና ቆማ የሚባሉ ሌሎች የዜማ ስልቶችም አሉ፤ ከሁሉም በሰፊው የተስፋፋው ግን የቤተልሔም ድጓ ነው።

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷም ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓክንሃም ቦታውን ሲጎበኝ ከውጭ እንደ ማንኛውም የአገሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚታየው የሣር ክዳን በውስጡ የመካከለኛው ዘመን ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሸፍኖ አገኘ። የድጓው ትውፊትና የሕንፃው ዕድሜ ቦታው ጥንታዊ መሆኑን በየበኩላቸው ያመለክታሉ።

ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ

የያሬድ ዜማ ዛሬም የሚማረው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ንባብ ይለያል፤ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። በዜማ ቤት ከውዳሴ ማርያም ዜማ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ጾመ ድጓ፣ ከዚያም ወደ ድጓ ይደርሳል።

ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚማረው ከትውልድ ቀዬው ርቆ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከቤት ቤት ቁራሽ እየለመነ፣ ራሱ በሠራት ጎጆ እያደረ ይማራል። የእስቴና የስማዳ ልጆች ወደ ጋይንት፣ የጋይንት ልጆች ወደ ጎጃምና ወደ ዋድላ፣ የሸዋና የትግራይ ልጆች ደግሞ ወደ ቤተልሔም ሲመጡ ኖረዋል። የአካባቢው ገበሬ ለተማሪ ቁራሽ መስጠትን እንደ ግዴታ ይቆጥር ስለነበረ ትምህርት ቤቱን የመገበው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይልቅ የገበሬው ቤት ነው ማለት ይቻላል። አክሱም ከተማዋ ደክማ፣ ቤተ መንግሥቱ ከቦታ ቦታ ሲዛወር የያሬድ ትምህርት ያልተቋረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የድጓ ተማሪ ሌላም ሥራ አለበት። ለራሱ የሚሆን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ቃሉን በጥቁር፣ የበዓሉን ስምና የዜማውን መመሪያ በቀይ ቀለም ያሰፍራል፤ ከቃሉ በላይም ምልክቱን ይጥላል። ሲያስመሰክር የጻፈውና የተማረው በሊቁ ፊት ይታረማል። ያስመሰከረው ሰው መሪጌታ ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በተራው ጉባኤ ይዘረጋል። በዚህ መንገድ ከቤተልሔም የወጣ ዜማ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በሸዋና በወሎ አድባራት ይሰማል።

ዜማው በአገልግሎት ላይ ሲውል ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት በሚባሉ ደረጃዎች ይቀርባል። በቁም ዜማ ድምፅ ብቻ ነው። በዝማሜ መቋሚያ ይወዛወዛል። በመረግድና በጽፋት ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ጽፋት ሲደርስ እንቅስቃሴው ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይጨመራል። ይህ የአቋቋም ትምህርት በጎንደርና በደብረ ታቦር እያደገ ሄዷል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የተክሌ አቋቋም የተባለውን ስልት እንደጀመረ ይነገራል፤ ስልቱም በልጁ በተክሌ ስም ተጠርቶ በደብረ ታቦር ጸንቶ ቆይቷል።

የታሪኩ ምንጮች

ስለ ያሬድ ሕይወት የሚያስረዱ ምንጮች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ገድሉና የግንቦት 11 ስንክሳር ነው። እነዚህ የተጻፉት ያሬድ ኖረ ከሚባልበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። ገድለ ያሬድን ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1904 አሳትሞታል። የትሉ፣ የወፎቹና የጦሩ ትረካዎች የሚታወቁት ከእነዚህ ጽሑፎችና ከቃል ትውፊት ነው።

ሁለተኛው የብራና መጻሕፍቱ ናቸው። የድጓ ብራናዎችን ከዘመን ወደ ዘመን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች መጽሐፉ እያደገ እንደመጣ፣ በኋላ ዘመን የተጀመሩ በዓላትም መዝሙር እንደተጨመረላቸው ያሳያሉ። ስለዚህ ዛሬ ድጓ የሚባለው መጽሐፍ የብዙ ትውልድ ሊቃውንት እጅ ያለበት ነው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ባልደረቦቿ ዜማውን ከሊቃውንት ድምፅ ጋር አጥንተው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አሳትመዋል።

ሦስተኛው ሕያው ትምህርቱ ራሱ ነው። መምህራኑ ከማን እንደተማሩ፣ መምህራቸው ደግሞ ከማን እንደተማረ ይቆጥራሉ። ይህ የመምህራን ሐረግ እስከ ያሬድ ድረስ በጽሑፍ ባይገኝም በጉባኤ ቤቶቹ መካከል ያለውን ግንኙነት ለማወቅ ይረዳል።

እንዲህ ያለው የምንጭ ሁኔታ በያሬድ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በያሬድ የመጨረሻ ዘመን የኖረው የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ ቀዳማዊ (እ.ኤ.አ. በ604 የሞተው) የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በስሙ ይጠራል። እርሱም ዜማውን ከርግብ እንደሰማ ይተረካል፤ በሥዕልም ርግቧ ከትከሻው ላይ ሆና ትታያለች። ተመራማሪዎች ግን ያ ዜማ አሁን ያለውን መልክ ያገኘው ከእርሱ በኋላ እንደሆነ ይስማማሉ። በሁለቱም አገሮች በብዙ ሰዎች ልፋት ያደገ ትምህርት ለአንድ ታላቅ አባት ተሰጥቷል፤ መነሻውም ሰማያዊ መሆኑን ለመግለጽ ወፍ ገብቷል። ይህን ማወቅ ለተማሪ የሚጠቅመው ትረካውን ከጽሑፍ ማስረጃው ለይቶ ሁለቱንም በየቦታቸው እንዲያነብ ነው።

መታሰቢያ

የቅዱስ ያሬድ በዓል በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። በአክሱም፣ በሰሜንና በሌሎችም ቦታዎች በስሙ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም ይጠራል። በዚያ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ይሰጣሉ።

ከደብረ ታቦር በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የጋይንትን ደጋ ያቋርጣል። ከመንገዱ ወጣ ብለው በሚገኙት ጉባኤ ቤቶች ተማሪዎች ዛሬም በመምህሩ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ የተሳሳተው ታርሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይላል።